«የገደልኩት ሰው ቆሞ ያናግረኛል»፦ ስለ ጌም ተከታይ ክፍሎችና ስለ ሞራል ምርጫ

ጥያቄ፦ «ድራጎን ኤጅ የሚባለውን ጌም ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሬ ተጫውቻለሁ። አዲስ ክፍል በወጣ ቁጥር ምርጫችሁ ዓለሙን ይቀይራል ይሉናል። ቀጣዩ ሲመጣ ግን የገደልኩት ሰው ቆሞ ያናግረኛል፤ ያነገሥኩት ንጉሥ ስሙ እንኳ አይነሳም። በመጨረሻው ክፍል ደግሞ ከድሮው ሦስት ነገር ብቻ ጠይቀውኝ አለፉ። አሁን ዊቸር 4 እየመጣ ነው። ጓደኞቼ ጓጉተዋል፣ እኔ ግን ልቤ አላመነም። የሞራል ምርጫ የሚባለው ነገር ከመጀመሪያውም ማታለያ ነበር? ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት ምን ልይ?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ ጥርጣሬህ ግማሹ ልክ ነው። ግማሹ ግን የማይመለከተውን ሰው እየከሰሰ ነው። እኔ እንጀራዬ የጌም ታሪክ መጻፍና ማረም ስለሆነ ጓዳውን አውቀዋለሁ፤ ያየሁትን ልንገርህ። አንድ ማሳሰቢያ፦ ከዚህ በታች የአራቱንም ድራጎን ኤጅ፣ የዊቸርንና የሌሎችንም ታሪክ እስከ መጨረሻው እዘረግፋለሁ። ያልተጫወተ ሰው ከዚህ ይመለስ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። አንድ ጌም ውስጥ ሁለት ሁለት መንገድ ያላቸው 10 ትልልቅ ምርጫዎች አሉ እንበል። መጨረሻው ላይ 1,024 የተለያዩ ዓለሞች ይኖሩሃል። ተከታዩን ክፍል የሚጽፈው ሰው ለ1,024 ዓለም ታሪክ ሊጽፍ አይችልም። እያንዳንዱ ንግግር ይጻፋል፣ ተዋናይ ይቀዳዋል፣ ወደ ሌሎች ቋንቋዎች ይተረጎማል፣ የፊትና የእጅ እንቅስቃሴ ይሠራለታል፣ ከዚያ ይፈተሻል። ከተጫዋቾች ግማሹ የማያዩት ትዕይንት ወጪው ያው ሙሉ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው መንገዱን ይከፍትልሃል፣ ትንሽ ያስኬድሃል፣ ከዚያ ሁሉንም ሰው ወደ አንድ በር ይመልሳል። ይህን የማያደርግ ስቱዲዮ አላየሁም። ጌሞች የሚለያዩት በሩ ላይ ስትደርስ ነው። በየት በኩል እንደመጣህ የሚያስታውስ ሰው እዚያ ቆሞ ይጠብቅሃል? ወይስ ማንም አያውቅህም?

ይህንን ያዝልኝና ወደ አንተ ጌም እንሂድ።

«ድራጎን ኤጅ፦ ኦሪጂንስ» በ2009 ነው የወጣው። የካናዳው ባዮዌር ጌሙን ለሕዝብ ያስተዋወቀው በ2004 ነበር፤ አምስት ዓመት ገደማ ቆይቶ መጣ ማለት ነው። በውስጡ የደግነትና የክፋት መለኪያ የለም። አብረውህ የሚጓዙት ሰዎች ይወዱሃል ወይም ይጠሉሃል፣ በቃ። ከመሬት በታች የሚኖሩትን አጫጭር ሕዝቦች፣ የድዋርፎቹን ከተማ ኦርዛማርን አስታውስ። ዙፋኑን ሁለት ሰዎች ይፈልጉታል። ሃሮውሞንት ጨዋና ቃሉን የሚያከብር ሽማግሌ ነው። ቤለን ወንድሙን አስገድሏል የሚባል ተንኮለኛ ነው። ማንም ጤነኛ ሰው ሃሮውሞንትን ያነግሣል። መጨረሻው ላይ ግን ጌሙ በጥቂት መስመር ጽሑፍ ውጤቱን ይነግርሃል። ጨዋው ሽማግሌ ከተማዋን በሯን ዘግቶ የመደብ ሥርዓቱን የባሰ ያጠብቀዋል። ተንኮለኛው ንግድን ይከፍታል፣ የተናቁትን ከመሬት ያነሣል፣ አምባገነንም ይሆናል። ያንን ሳነብ ለረጅም ጊዜ እስክሪኑ ላይ ፈዝዤ ቀርቻለሁ።

እዚህ ላይ ልብ በል። ያ ሁሉ ስሜት የተፈጠረው በአንድ ሥዕልና በጥቂት ዓረፍተ ነገር ነው። ተዋናይ የለም፣ አዲስ ከተማ አልተገነባም። ውጤቱ የመጣውም በዚያው ጌም ውስጥ ነው። ተከታይ ክፍል አላስፈለገውም።

ኦሪጂንስ ግን ቅዱስ አይደለም። ሬድክሊፍ ላይ ጋኔን የያዘው ልጅ አለ፣ ኮነር። ልጁን ትገድላለህ? ወይስ እናቱ ትሠዋለት? በጣም ከባድ ምርጫ ነው። ከዚያ ሦስተኛ መንገድ ይሰጥሃል፦ ሐይቁን ተሻግረህ አስማተኞቹን ጥራና ልጁንም እናቱንም አድን። ጋኔን ያለበትን ግንብ ትተህ ሄደህ ስትመለስ በመንደሩ ላይ ምንም አልደረሰም። ማንም አልሞተም፣ ማንም አልጠየቀህም። በነፃ የሚገኝ መልካም መልስ ካለ ያ የሞራል ምርጫ አይደለም፤ መልሱን ማግኘት የትዕግሥት ጉዳይ ብቻ ነው። ብዙ አድናቂዎች ኦሪጂንስን ሲያወድሱ ይህችን ይዘሏታል። ናፍቆት እንዲህ ያደርጋል።

በ2011 «ድራጎን ኤጅ 2» መጣ። የተሠራው ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ነው፤ ያንኑ ዋሻ አሥር ጊዜ ስለ ገባህበት ችኮላውን መቼም አልሳትከውም። ታሪኩ ግን ደፋር ነበር። ሆክ የሚባል ስደተኛ በአንዲት ከተማ ውስጥ ለዓመታት ይኖራል፤ አስማተኞችና ጠባቂዎቻቸው ቀስ በቀስ ሲጋጩ ያያል፣ ግን ሊያስቆም አይችልም። አንደርስ የተባለው ጓደኛህ ቤተ እምነቱን ያፈነዳዋል። የፈለግከውን ብታደርግ ያፈነዳዋል። እኔ በዚህ ቅር አይለኝም። የሰው ልጅ ሁሉን ነገር አያስቆምም፣ ጌምም ይህን የመናገር መብት አለው።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጌሙ ጎን ምረጥ ይልሃል፤ አስማተኞች ወይስ ጠባቂዎች? አስማተኞቹን መረጥክ እንበል። እስከ መጨረሻው ስትከላከልለት የቆየኸው መሪያቸው ኦርሲኖ ድንገት የተከለከለውን የደም አስማት ተጠቅሞ አውሬ ይሆንና ይወጋሃል። ለምን? ለሁለቱም ወገን ተጫዋቾች ያው ፍልሚያ ስለተሠራ። ሁለቱንም መሪዎች ትገድላለህ፣ የትኛውንም ብትመርጥ። ሐሳብ አውጥተህ አውርደህ የወሰድከውን አቋም ጌሙ ራሱ ቂል አስመሰለው። የአድናቂው ቁጣ እውነተኛ ምንጭ ይሄ ይመስለኛል። ሰው ታሪኩ ስላልተቀየረ ያን ያህል አይናደድም። የሚያናድደው አስቦ ያደረገው ነገር ሲናቅበት ነው። ኦርሲኖን ጨርሶ ባንመርጠው ይሻል ነበር።

አሁን የአንተ «የገደልኩት ሰው» ጋ ደረስን። በኦሪጂንስ አብራህ የምትጓዘውን ሌሊያናን ማለትህ ይመስለኛል። በኦሪጂንስ የተቀደሰውን አመድ ካረከስክና እሷ አብራህ ካለች ትዋጋሃለች፣ ትገድላታለህ። በ2011 ብቅ አለች። በ2014 በወጣው ሦስተኛው ክፍል «ኢንኩዊዚሽን» ደግሞ የስለላ ኃላፊ ሆና ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ታዝሃለች። በኋላ በ2015 በወጣው «ትሬስፓሰር» ማጠቃለያ ላይ ያየናት ሌሊያና እሷ ራሷ እንዳልነበረች የሚጠቁም ማብራሪያ ጣል አደረጉ። ብልህ ማካካሻ ነው፤ ግን ማካካሻ ነው። ጸሐፊዎቹ ሌሊያናን ለሴራው ፈለጓት፣ የገደሏትም ተጫዋቾች ጥቂት ነበሩ ብዬ እገምታለሁ፣ ስለዚህ ጥቂቶቹ ተሠዉ። እንዲህ ዓይነት ውሳኔ ስብሰባ ላይ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። በአንተ ቤት ግን የአሥር ዓመት ቂም ይሆናል።

እዚህ ላይ ስለ ሴቭ ፋይል፣ ማለትም የደረስክበትንና የመረጥከውን ስለሚይዘው ፋይል፣ አንድ ነገር። አዲስ ኮንሶል ሲወጣ የድሮው ሴቭ ፋይል ብዙ ጊዜ አይነበብም። ባዮዌር ለዚህ ብሎ «ኪፕ» የሚባል የድረ ገጽ መሣሪያ ሠራ፤ የቀድሞዎቹን ጌሞች ምርጫዎች አንድ በአንድ እየነካህ ዓለምህን ታዘጋጃለህ። አዲስ አበባ ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ በሰዓት እየከፈለ ወይም ከጓደኛ ተውሶ ለተጫወተ ሰው ይህ ትልቅ ውለታ ነበር፤ ሴቭ ፋይል የሚባል ነገር ከማሽኑ ጋር የሰው ነዋ። ግን ኪፕ አንድ መዘዝ አመጣ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ምርጫዎችን ተራ በተራ ሲጠይቅህ፣ እያንዳንዱ አንድ ቦታ የሚያስፈልግ ይመስልሃል። የሚጠይቅህ ሰው ሊጠቀምበት ነው ብለህ ታስባለህ። አብዛኞቹ ግን በአንዲት ዓረፍተ ነገር ተነስተው ያልፋሉ፣ ጭራሽ የማይነሱም አሉ።

ከዚያ በጥቅምት 2024 መጨረሻ አራተኛው ክፍል «ቬልጋርድ» መጣ። ከድሮው የጠየቀህ ሦስት ነገር ነው፦ ኢንኩዊዚተርህ (የኢንኩዊዚሽኑ ጀግናህ) ማንን እንደወደደ፣ ድርጅቱን አፍርሶ እንደሆነ፣ የቀድሞ ጓደኛው የነበረውን አስማተኛ ሶላስን በኃይል ለማስቆም ወይስ ለማዳን ቃል እንደገባ። ሌላው ሁሉ ዝም። ሰፊው አድናቂ የጮኸው በዚህ ነው፣ አንተም እንደዚያው።

እኔ በሦስቱ ብቻ አልፈርድባቸውም። ታሪኩ ወደ ሰሜን ሄዷል፤ የኦርዛማር ንጉሥ ማን እንደሆነ የማያገባቸው ሰዎች ናቸው እዚያ ያሉት። የማላልፈው ሌላ ነው። ከኦሪጂንስ ጀምሮ የምናውቃት ጠንቋይ ሞሪጋን እዚያ አለች። በብዙ ተጫዋቾች ዓለም ልጅ አላት፣ ኪራን። አንድ ቃል አታወራም ስለ ልጇ። የሐዘን ጉድጓድ የሚባለውን ውሃ በኢንኩዊዚሽን ማን እንደጠጣ ሚታል ለምትባለው ጥንታዊት አምላክና ለሶላስ ጉዳይ ዋናው ነገር ነበር፤ እሱም አልተጠየቀም። ሩቅ ያለን ነገር ባትጠቅስ ማንም አይከፋውም። ፊት ለፊት የቆመችን እናት ስለ ልጇ አለማናገር ግን ሌላ ነገር ነው። ጌሙ ለዓመታት ብዙ ሰው በአንድነት የሚጫወተው ተደርጎ ሲሠራ ቆይቶ ነው ወደ ብቸኛ ተጫዋች የተመለሰው። በዚህ መሃል እንዲህ ያለ ክር መጥፋቱ አይገርመኝም። በገበያም አልቀናውም፤ የባዮዌር ባለቤት ኢኤ በጥር 2025 በሩብ ዓመቱ ወደ 1.5 ሚሊዮን ተጫዋች እንዳገኘ፣ ይህም ከጠበቀው በግማሽ ያህል ያነሰ መሆኑን ተናግሯል።

ደግሞ ፍትሐዊ እንሁን። ቬልጋርድ ውስጥ ሁለት ከተሞች በአንድ ጊዜ ይወጋሉ፣ ሚንራተስና ትሬቪሶ። ለአንዱ ብቻ ትደርሳለህ። ያልደረስክለት ከተማ እስከ መጨረሻው ተጎድቶ ይቀራል፣ የዚያ ከተማ ተወላጅ የሆነው ጓደኛህም ልቡ ይሻክርብሃል። መጨረሻው አካባቢ ደግሞ ሁለተኛውን ቡድን እንዲመራ የምትልከው ሰው፣ ሃርዲንግም ይሁን ዳቭሪን፣ አይመለስም። እነዚህ በደንብ የተሠሩ ምርጫዎች ናቸው። ችግሩ በመሃል ያለው ሰዓት ሁሉ ነው። ሩክ የምትባለው ገጸ ባህሪህ ክፉ መሆን አትችልም፣ ስስታም መሆን አትችልም፣ ጓደኞቿን ማስቀየምም ይከብዳታል። ለእኔ ከሦስቱ ጥያቄ ይልቅ ይሄ ነው የባሰው። የድሮውን ባያስታውስ እንኳ የራሱን ምርጫ ቢያከብድ ኖሮ ብዙ ሰው ይቅር ይለው ነበር።

ሌሎቹ እንዴት አመለጡ? ኤልደር ስክሮልስ የሚባለውን ተከታታይ ጌም የሠሩት ሰዎች በጣም ደፋሩን ዘዴ ተጠቀሙ። በ1996ቱ «ዳገርፎል» መጨረሻው ብዙ ዓይነት ነው። በ2002 «ሞሮዊንድ» ሲመጣ የትኛው ነው እውነቱ? ሁሉም! ጊዜ ራሱ ተሰብሮ ሁሉም መጨረሻዎች በአንድነት ሆነዋል አሉ። መጀመሪያ ስሰማው ስቄያለሁ። ግን ማንንም ውሸታም አላስባለም። «ስካይሪም» ደግሞ ቀላሉን መረጠ፤ ከእሱ በፊት ካለው ክፍል 200 ዓመት ወደፊት ዘለለ፣ የምታውቀው ሁሉ ሞቷል።

የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጄክት ሬድ በ2011ዱ «ዊቸር 2» ያደረገው ደግሞ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ከንጉሡ ወታደር ከሮሽ ወይም ከአማፂው ኤልፍ ከኢዮርቬት ጋር ትወግናለህ። ሁለተኛው ምዕራፍ እንደ ምርጫህ በሌላ ካምፕ፣ ከሌሎች ሰዎች ጋር፣ በሌላ ታሪክ ይቀጥላል። ሙሉ ምዕራፍ! ለገንዘብ ያዢው እብደት ነው። ግን ዋጋው በኋላ ወጣ፦ በ2015ቱ «ዊቸር 3» ኢዮርቬት ጭራሽ የለም። ግማሹ ሰው የማያውቀውን ሰው ማምጣት ከባድ ነው። የድሮ ምርጫህንም የሚጠይቁህ ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ከመቅረብህ በፊት ጢምህን ስትላጭ ነው፤ ጥቂት ጥያቄ፣ ጥቂት መልስ፣ አለቀ። ማንም ሰው ግን ዊቸር 3 ምርጫዬን ረሳብኝ ብሎ ሲያለቅስ አልሰማሁም። ለምን? በዊቸር 3 ሚስቱ ስለጠፋችበት የአካባቢ ገዢ፣ ስለ ባሮኑ ታሪክ አስብ። ኮረብታው ሥር የታሰረውን መንፈስ ፈትተህ ከለቀቅከው የጠፉት ሕፃናት ይተርፋሉ፣ የባሮኑ ሚስት ትሞታለች፣ ባሮኑም ራሱን ይሰቅላል። ከገደልከው ሕፃናቱ የሉም፤ ባሮኑ ግን ሚስቱን ይዞ መድኃኒት ፍለጋ ይሄዳል። ስትወስን ይህን አታውቅም። ያወቅከውን ያህል አመዛዝነህ ትወስናለህ፣ ውጤቱን ተሸክመህ ትሄዳለህ። ያን የሚያህል ነገር በእጅህ እያለ የዊቸር 2ን ሴቭ ፋይል ማን ያስታውሳል?

ስለ ሞራሉ ራሱ ማታለያ ነው ወይ ላልከው፦ በአንዳንዶቹ ውስጥ አዎ። «ፌብል 3»ን ተመልከት፣ 2010። ንጉሥ ትሆናለህ። ጠላት እየመጣ ነው፣ ግምጃ ቤቱ 6.5 ሚሊዮን ወርቅ ይፈልጋል፣ የጎደለው እያንዳንዱ ወርቅ አንድ ሕይወት ነው። ቃል የገባህላቸውን ትምህርት ቤትና መጠለያ ብትሠራ ገንዘቡ ይጎድላል፤ ብትክድ ሕዝቡ ይጠላሃል። ሐሳቡ ግሩም ነው። ግን ቤት ገዝተህ እያከራየህ ብትቆይ ኪራዩ ያንን ሁሉ ይሸፍናል። ቃልህንም ትጠብቃለህ፣ ሕዝቡንም ታድናለህ። ንጉሡ ደላላ ሆኖ ዳነ! ታሪክ ጸሐፊውና የጌሙን ኢኮኖሚ የሠራው ሰው ሳይነጋገሩ ሲቀሩ የሚመጣ ጣጣ ነው።

በሌላ በኩል የ1985ቱን «አልቲማ 4» ውሰድ። አንዲት ዓይነ ስውር ሻጭ አለች፤ ዕቃ ትሰጥህና ሒሳቡን ራስህ ቆጥረህ ትከፍላታለህ። ብትሰርቃት አትይዝህም። ጌሙ ግን በዝምታ ሐቀኝነትህን ይቀንስብሃል፣ ቆይተህ ነው የምታውቀው። የዛሬ ጌሞች ቀይና ሰማያዊ ምልክት ለጥፈው «ይህ ክፉ፣ ይህ ደግ» ብለው ከሚነግሩን ይህ በብዙ እጥፍ ይሻላል።

በ2023 የወጣው «ባልደርስ ጌት 3»ም፣ የምወደው ጌም ቢሆንም፣ እዚህ ላይ ይንሸራተታል። ከጎብሊኖቹ ጋር ሆነህ ስደተኞቹን ከጨፈጨፍክ ካርላክና ዊል የሚባሉት ጓደኞችህ ከአንተ ጋር አይሆኑም፣ በኋላ የምታገኛቸው ነጋዴዎችና ሥራዎችም ይጠፋሉ። በምላሹ የምታገኘው የጎብሊኖቹን አዛዥ ሚንታራን ነው። ክፋት ባዶ ቤት ሆነ። እኔ ክፋት ሲያጓጓ ማየት እፈልጋለሁ፤ አለዚያ ደግ በመሆኔ ምኑ ነው የሚያኮራኝ?

ከመግዛትህ በፊት ምን ታያለህ? ማስታወቂያውን እርሳው። አዘጋጆቹ ቃለ መጠይቅ ላይ «ምርጫ ዋጋ አለው» ሲሉ ማንኛውም ሰው የሚለው ነው፤ አንድ ምርጫ ስሙን ጠርተው ዋጋውን ከነገሩህ ግን አድምጥ። ጌሙ ከወጣ በኋላ ሁለት የተለያዩ ሰዎች የተጫወቱትን አንድ ትዕይንት ቪዲዮ ጎን ለጎን እይ። ንግግሩ ብቻ ነው የተለየው ወይስ ሰው ጎድሏል? ጓደኞችህ አንተን ጥለው መሄድ ይችላሉ ወይ የሚለውንም ጠይቅ። ለእኔ ከሁሉም በላይ አስተማማኙ ይህ ነው። ገንዘብ አውጥተው የሠሩትን ገጸ ባህሪ በአንተ ጥፋት እንድታጣው የሚፈቅድ ስቱዲዮ ቀልዱን ትቷል ማለት ነው። በኦሪጂንስ ጠላትህ የነበረውን ሎጌይንን ማርከህ ቡድንህ ውስጥ ብታስገባው ጓደኛህ አሊስተር ፊቱን አዙሮ ሄዷል፤ ያ ነው ነገሩ።

ስለ ዊቸር 4፦ በታኅሣሥ 2024 ሲያስተዋውቁት ዋና ገጸ ባህሪዋ ሲሪ ናት፣ የቀድሞው ጀግና የጌራልት ማደጎ ልጅ፣ በራሷ ዊቸር (ጭራቅ አዳኝ) ሆና። በዊቸር 3 ሳትመለስ የምትቀርበት መጨረሻ አለ፣ እቴጌ ለመሆን የምትሄድበትም አለ። ስለዚህ ቢያንስ ሳትመለስ የቀረችበት የአንዳንድ ተጫዋቾች መጨረሻ ከወዲሁ ተዘግቷል። አንዳንዶች በዚህ ተቆጥተዋል። እኔ ግን አንዱን መርጦ በግልጽ መናገር ሁሉንም እናከብራለን ብሎ በኋላ ከማድበስበስ ይሻላል ባይ ነኝ። የእነሱ ጠንካራ ጎን ድሮም ቢሆን ካለፈው ጌም ይዘው የሚመጡት ነገር አልነበረም፤ በአንዱ ጌም ውስጥ የሚሠሩት ነው። ስለዚህ የድሮ ሴቭ ፋይልህን ለማዳን አትልፋ። ቅድመ ክፍያም አትክፈል። ሲወጣ ሁለትና ሦስት ሳምንት ታገሥ፣ የጨረሱት ሰዎች መጣላት ሲጀምሩ ክርክራቸውን አንብብ። «የቱ ነው ትክክለኛው መልስ?» ብለው እየተጠያየቁ አንድ ላይ ከደረሱ ቅናሽ እስኪመጣ ጠብቅ። እርስ በርስ ክፉ ሰው እየተባባሉ ከሆነ ግን ግዛው።